ለሐዘን በነፃ፣ ለሠርግ በኪራይ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኮምፒውተር አልነካሁም። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት አቶ ዳንኤል ከመሳቢያቸው አንድ ካርቶን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «መጀመሪያ ይህን አንብብ፤ ያልገባህን ጠይቀኝ» አሉኝ።

ቢሯችን አየር ጤና፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ነበር። ለሱቆች፣ ለፋርማሲዎችና ለሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንጽፋለን። ከታች ያለው ጋራዥ ሞተር ሲያስነሳ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኛ ከደወለ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር መሮጥ ነው። የእኔ ማዕረግ ጀማሪ ፕሮግራመር ነበር። ከእኔ በታች ያለው የሻይ ቴርሞሱ ብቻ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ሲዲና ደቃቅ ፊደል የታጨቀበት መጽሔት መሳይ ነገር ነበር። የፕሮግራም መጻፊያችን ላይሰንስ ነው። ላይሰንስ ማለት የሶፍትዌሩ ባለቤት «በዕቃዬ ይህን አድርግ፣ ይህን አታድርግ» ብሎ የሚሰጠው የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። በዚያ ዘመን እሱን የሚያነብ ሰው አላውቅም ነበር። ሶፍትዌር የሚገዛው ከመንገድ ላይ ሲዲ ሻጭ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚከፍተው ሰባሪ ቁልፍም አብሮ ይመጣል። «እስማማለሁ» የሚለውን ሁላችንም ሳናየው ነበር የምንጫነው።

አቶ ዳንኤል ግን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ጴንጤ ስንላቸው አይቀየሙም፤ የተሰረቀ ሲዲ ቢሮ ከገባ ግን ይቀየማሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር።

እስከ ምሳ አነበብኩና አንድ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። «እዚህ ላይ ‹ለንግድ ላልሆነ ጥቅም› ይላል። ንግድ ያልሆነ ጥቅም ምንድን ነው?»

የኮልፌ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ፣ አጎቶቼ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴዎች ነበሩ። ቤታችን ውስጥ ንግድ ያልሆነ ነገር ካለ ሶላት ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን አባቴ ከአላህ ጋር ሲከራከር ሰምቼው አውቃለሁ።

አቶ ዳንኤል ሳቁ። «ስታገኘው ለእኔም ንገረኝ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢሮው ላይሰንስ አንባቢ ሆንኩ። ደመወዝ ባይጨምርልኝም ስም አወጣልኝ፤ ባልደረቦቼ «ቃዲው» ይሉኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ሰው በዕቃው ላይ ምን ዓይነት ቃል እንደሚያስር ማየት ያስደስተኛል። አንዱ ላይሰንስ ፕሮግራሙን የኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ እንዳንጠቀምበት ይከለክላል፤ ደንበኛችን ዘይትና ስኳር አከፋፋይ ስለነበር አላስቸገረንም። ሌላው፣ «ሥራዬን ከወደድከውና ከተገናኘን ቢራ ጋብዘኝ» ይላል። እኔ ሙስሊም፣ አቶ ዳንኤል ጴንጤ፤ ሁለታችንም አንጠጣም። በለስላሳ ይተካ ይሆን ወይ ብለን ግማሽ ቀን ተከራከርን። አልተስማማንም።

ስለ ጎን ሥራ የአቶ ዳንኤል ሕግ አጭር ነበር። «ሥሩ፤ አልከለክልም። በራሳችሁ ሰዓት፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ በራሳችሁ ላይሰንስ።»

ሦስተኛው ነው ከባዱ። የቢሮው መሣሪያ ፈቃድ የቢሮው ነው። ቤታችን ስንገባ በነፃ የተለቀቁትን መጠቀም አለብን፤ ከነፃዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ተማርባቸው፣ ተጫወትባቸው፣ ሰው እርዳባቸው፣ ብር ግን እንዳትቀበል ይላሉ። ታክሲውን ንዳ፣ ተሳፋሪ ግን አትጫን እንደማለት ነው። በሙያችን የጎን ሥራ የሌለው ሰው እምብዛም ስላልነበረ፣ ብዙው እንዳላየ ያልፈው ነበር። እኔ ቃዲው ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ለሰው የምሠራውን በነፃ እሠራ ነበር፤ ነገሩም ተገቢ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ከጀማሪነት ወደ ዋና ፕሮግራመርነት ከወጣሁ በኋላ ነው የእድሩ ነገር የመጣው።

እድራችን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው። እስላሙም ክርስቲያኑም አባል ነው። ሁለት ድንኳን አለን። አባል ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ በነፃ ይተከልለታል፤ ለሠርግ ግን ለማንም እናከራያለን። ድንኳን የሚተክሉት አባላት በተራ ናቸው። ለቅሶ ሲለፈፍ ተረኞቹ ብረቱን ይሸከማሉ፣ ሸራውን ይወጥራሉ፣ አግዳሚውን ይደረድራሉ። ሐኪምም ሁን ሸክላ ሠሪ፣ ተራህ ሲደርስ ትሸከማለህ።

የንብረት ክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ ዘነበች ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራቸውም ዘመዳቸውም ያ ቁልፍ ነው። ከአንገታቸው አያወልቁትም።

አንድ ጥር ላይ ሁለት ሠርግ መጣ። አንዱ ተከራይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ነገራቸው። እትዬ ዘነበች በሁለት የተለያየ ቀን መስሏቸው ሁለቱንም ተቀበሉ። ቀኑ ግን አንድ ነበር። ሁለቱም ድንኳኖች ሠርግ ላይ ዋሉ፤ በዚያው ቀን የአንድ አባላችን እናት አረፉ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ፣ በላስቲክ ሥር ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን ደርሶ አያውቅም።

ሐዘንተኛው ዝም ቢልም ሰፈሩ ዝም አላለም። ቁልፉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከእትዬ ዘነበች ይወሰድ ተባለ። ቤታቸው ሄድኩ። «ነስሩ፣ ቁልፉን ይውሰዱት» አሉኝ። «ድንኳን የከለከለች ሴትዮ ተብዬ መኖሩን ግን አልችለውም። በዚህ ስም ማን ቤት ለቅሶ እደርሳለሁ?»

ያን ጊዜ ነው ፕሮግራም ልጽፍላቸው የወሰንኩት። እንዲህ የሚሠራ፦ በስልካቸው ላይ ቀኑን ይነካሉ፤ የእኛ፣ የፈረንጁና የሂጅራው አቆጣጠር ጎን ለጎን ይታያል፤ የትኛው ድንኳን የት እንዳለ ይነግራል፤ አንዱ ለሠርግ ከወጣ ሌላውን ይቆልፋል። የተረኞቹንም ስም በቅደም ተከተል ያወጣል።

የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ራሴ ልጽፍ ሞክሬ ጳጉሜ አሸነፈችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ተረጋግቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሦስቱንም አቆጣጠር የሚያዛምድ የተጣራ ሥራ አገኘሁ። የጸሐፊው ስም አጭር፣ የፈረንጅ የሚመስል የቅጽል ስም ነው። ላይሰንሱ በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ነበር፦ ለማንም ነፃ ነው፤ ነገር ግን ክፍያ ወይም በማንኛውም መልክ ጥቅም ለሚገኝበት ሥራ አይፈቀድም።

አነበብኩት። ብር አልቀበልም አልኩ፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

በጉባኤው ቀን እትዬ ዘነበች ስልኩን ይዘው ቆሙ። አንዱ ቀን ጠራባቸው፣ ነኩት፤ ሌላው በፈረንጅ ጠራባቸው፣ ነኩት። አንድም አልሳቱም። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ቀረ።

የእድሩ ዳኛ ሀጂ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት እንክፈልህ?»

«አልቀበልም ሀጂ። ፈቃዱ ይከለክላል።»

«የማን ፈቃድ?»

«ቀን መቁጠሪያውን የጻፈው ሰው።»

«የእድራችን አባል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እሱን ምን አገባው?»

ጉባኤው ሳቀ። ሀጂ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ነገር በቀልድ አይዘጉም። «እድር የሰው ጉልበት በነፃ አይበላም። ብር ካልፈለገ ከተራ ነፃ ይሁን! ድንኳን አይትከል፣ ብረት አይሸከም!» ተጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ። ብረት መሸከም ማን ይወዳል?

መጀመሪያ ምንም አላስተዋልኩም። ለቅሶ ሲኖር የሚደወልልኝ የእትዬ ዘነበች ስልክ ቻርጅ እምቢ ሲል ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ቆሞ፣ ሰው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ኢንጂነር መጣ» ይሉና ከፊት ቦታ ይለቁልኛል። እድሜ ለገፋ ሽማግሌ የሚለቀቅ ቦታ ነው። እኔ ገና ጎልማሳ ነበርኩ።

ከዚያ ጋሽ ተካ ሞቱ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ልጅ ሆኜ ኳሴ ግቢያቸው ስትገባ አንድም ቀን ሳይቆጡ የወረወሩልኝ ሰው ናቸው። ለፋፊውን ስሰማ ሮጬ ወጣሁ። ተረኞቹ ብረቱን ከጋሪ እያወረዱ ነበር። አንዱን ጫፍ አነሳሁ።

ሙራድ የሚባል የሰፈራችን ብየዳ ሠራተኛ ከእጄ ወሰደው። «ተው ኢንጂነር፣ አንተ ነፃ ነህ። ግባና ተቀመጥ።» ክፋት አልነበረበትም፤ ያከበረኝ መስሎት ነው። እኔ ግን እዚያ መንገድ ላይ ባዶ እጄን ቆሜ እንባዬ መጣ። በጋሽ ተካ ሞት ነው ያለቀስኩት ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት። በእሱም ነው፣ በብረቱም ነው።

በማግስቱ የላይሰንሱን ሦስት መስመር አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። «በማንኛውም መልክ ጥቅም» ይላል። ከተራ ነፃ መሆን በማንኛውም መልክ ጥቅም አይደለም? ከሆነ የሰውዬውን ቃል አፍርሻለሁ፤ ካልሆነ ደግሞ የተቀበልኩት ነገር ምንድን ነው? አቶ ዳንኤል ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አጫወትኳቸው።

ሰሙኝና፣ «ከተራ ነፃ ማድረጋቸው ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት?» አሉኝ።

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

«ባለቤት ያለው ቃል አስተርጓሚ አይፈልግም። ለባለቤቱ ጻፍለት።»

ጻፍኩ። እድርን በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዲህ ቀላል አይደለም። «ሰው ሲሞት ጎረቤቶች ድንኳን የሚተክሉበት ማኅበር» ብዬ ጀመርኩ፤ ተረኛነትን ለማስረዳት ብቻ አንድ ገጽ ፈጀብኝ። ሐዘኑ በነፃ፣ ሠርጉ በኪራይ መሆኑንም ሳልደብቅ ጻፍኩ።

መልሱ በአማርኛ መጣ። «ጋሽ ነስሩ፣ እድር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የምኖረው። እናቴ ሦስት እድር አላት።»

ስሟ ቤተልሔም ነው። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች፤ ቀን መቁጠሪያው የእሷ የጎን ሥራ ነበር። አየር ጤና አንድ ጭማቂ ቤት ተቀጣጠርን። ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን የማትነቅል ልጅ ናት። ስፕሪሷን ሳትነካ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ብረቱ ነበር።

«ሲወስዱብዎት ለምን ከፋዎት? ከባድ አይደለም እንዴ?»

«ከባድ ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እሱን ላውቅ ነው የጻፍኩልሽ።»

ከዚያ እኔ ጠየቅኋት። «ማንም ጥቅም እንዳያገኝ ብለሽ ለምን ከለከልሽ?»

«መጀመሪያ እኮ ክፍት ነበር። አንድ ድርጅት ወስዶ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ከተተና ሸጠው። ሄጄ ሳናግራቸው ሥራ አስኪያጁ ‹በነፃ በትነሽው ምን ልታገኚ ነው የመጣሽው?› አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቤት ገብቼ ያን መስመር ጻፍኩ።»

«ከዚያ በኋላ መሸጥ ተዉ?»

«ማን? እነሱ?» ሳቀች። «አሁንም ይሸጣሉ።»

«የተከለከልነው እኔና መሰሎቼ ብቻ ነን ማለት ነው። የምናነበው።»

ገለባውን አዞረች። ቀጥላ የተናገረችው ግን እኔ የጠበቅሁትን አልነበረም። «ቢሆንም ኪራይ ካለ ንግድ ነው። ቃሌ ቃል ከሆነ የሠርጉን ክፍል ማጥፋት አለብዎት ጋሽ ነስሩ። ለሐዘኑ ይቆይ።»

የሠርጉ ክፍል ከጠፋ ሁለቱ ድንኳኖች ተመልሰው በእትዬ ዘነበች ትዝታ ላይ ይወድቃሉ። ሌላ ጥር፣ ሌላ ለቀስተኛ በላስቲክ ሥር፤ ያኔ ቁልፉን የሚያስቀርላቸው የለም። ይህንን ነገርኳት። ልለምናት አልፈለግሁም፤ ለመንኳት ግን።

ወዲያው መለሰችልኝ አልልም። «ድንኳኑን ላየው እችላለሁ?» ነው ያለችው።

እሑድ መጣች። እትዬ ዘነበች ቁልፉን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው በሩን ከፈቱ። ቤተልሔም ብረቱን አንኳኳች፣ አግዳሚው ላይ የተቀባውን የእድሩን ምልክት ነካች። ከዚያ የተጣጠፈውን ሸራ ጫፍ ገልጣ ጣቷን በጥገናው ላይ አስኬደች። ቦታ ቦታው ላይ አዲስ ሸራ ተለጥፎ በወፍራም ክር ተሰፍቷል።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«ልብስ ሰፊ ሰፈር ድረስ ወስጄ አሰፋዋለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ክረምት ሲያልፍ ሁሌ ይቀደዳል።»

«ከአባላት መዋጮ ነው የምትከፍሉት?»

«የለም ልጄ፤ መዋጮው ለሐዘንተኛ ነው፣ አይነካም። ከሠርጉ ኪራይ ነው።»

ቤተልሔም ሸራውን አልለቀቀችም። «ማለት… ሠርግ የሚደግሰው ሰው ከፍሎ ነው ለቀስተኛው በነፃ የሚጠለለው?»

«ታዲያስ! ድንኳን በምርቃት ይሰፋል እንዴ?»

ቤተልሔም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ከእኛ ይልቅ ለራሷ እንደምታወራ፣ «እኔ ቀን መቁጠሪያውን ካስተካከልኩት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለች። «ስህተት እንዳለበት አውቃለሁ። ደክሞኝ ነው የተውኩት። ማን ይሰፋዋል?»

በሳምንቱ መስመሯን ለወጠችው። አንድ ሰው በራሱ እጅ ለሠራው ሥራ ዋጋ መጠየቅ፣ እንደ እድር ያለ ማኅበርም ማከራየት ይችላል፤ የሚሸጥ ድርጅት ግን ለእሷ ይከፍላል። «የሚከፍሉ ይመስልሻል?» አልኳት።

«የሚያነብ ይከፍላል። የማያነብ ድሮም አይከፍልም። ለማያነበው ብዬ የሚያነበውን አስርቤ ነበር።»

ቀን መቁጠሪያዋን ለደንበኞቻችን ፕሮግራም ወስዶ መጀመሪያ የከፈላት የእኛ ቢሮ ነው። አቶ ዳንኤል ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ቃዲው ካነበበው እፈርማለሁ» አሉ። ስህተቱንም በዚያው ሰሞን አረመችው።

እኔም ከእትዬ ዘነበች ጋር ሀጂ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። «ሀጂ፣ ያኔ ስንት እንክፈልህ ብለውኝ ነበር።»

«አሁን ፈቃዱ ፈቀደ?»

«ፈቀደ።»

ዋጋ ጠራሁ። ሀጂ ግማሹን ቆረጡት። አባቴ ነጋዴ እንደነበር አስታወስኳቸው። እሳቸውም አባቴን ከእኔ በፊት እንደሚያውቁትና እሱም ይህን ያህል እንደማይጠራ አስታወሱኝ። መሀል ላይ ተገናኘን። እጅ ከተመታታን በኋላ «ተራዬስ?» አልኩ።

«የምን ተራ?»

«ድንኳን የመትከል።»

«ከፈልንህ አይደለም እንዴ!» ብለው ጮኹ። «ከፍለንህ ደግሞ በምን ሂሳብ ነፃ ትሆናለህ? ትሸከማለህ እንጂ!»

እንደዚያ ተቆጥተውኝ ደስ ያለኝ ቀን የለም። እትዬ ዘነበች እዚያው ስልካቸው ላይ ስሜን ከተረኞቹ መጨረሻ አስገቡት።

ተራዬ ሲደርስ ዝናብ ነበር። ከሙራድ ጋር አንድ ብረት ያዝን። ወገቤ ተንቋቋ፣ ጭቃው ጫማዬን ያዘ። የበኩሌን ገመድ አሰርኩና ወደ ኋላ ስል ሸራው አንድ ጎኑን ረገበ፤ የተጠራቀመው ውሃ ሙራድ አንገት ላይ ወረደ።

«አንተ ነስሩ! ይሄ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው? ፍታና እንደገና እሰር!»

ኢንጂነር አላለኝም። ፈታሁና እንደገና አሰርኩ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ለአቶ ዳንኤል የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ አስታወስኳቸው። ረስተውት ነበር። ንግድ ያልሆነውን ነገር እንዳገኘሁት ነገርኳቸው።

«ምን ሆኖ ተገኘ?»

«ብረት ነው፤ ከባድ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ጭቃ የደረቀበትን ጫማዬን አዩ።

ዛሬ አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ስለ ጎን ሥራ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይኸው ነው። ላይሰንሱን አንብብ፤ ካልፈቀደልህ ባለቤቱን ጠይቅ። ለጻፍከው ዋጋ ጥራ። ለምትሸከመው አትጥራ።